ስድስት ክረምት የተኛችው ማሽን

ደብዳቤዋ አምስት መስመር አትሞላም። ሹሄይ ግን ከጠዋት ጀምሮ ስድስት ጊዜ አንብቧታል፤ አሁን ደግሞ ለሰባተኛ ጊዜ ዘይት በነካው እጁ ይዟት ጥገና ቤቱ በር ላይ ቆሟል።

«ለኢጋራሺ ጥገና ቤት። አባቴ ትተዋት የሄዱት የበረዶ መጥረጊያ ማሽን እሳቸው ከሞቱ ወዲህ ተነስታ አታውቅም። ዘንድሮ ሥራ እንድትጀምር እፈልጋለሁ። ከእንግዲህ በየማለዳው ሰው ማስቸገር አልፈልግም። በሚመችዎ ቀን ቢመጡልኝ ደስ ይለኛል። ሆሶያ ፉሚኖ።»

«ቢመጡልኝ» ትላለች። አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ፊደል የቆጠሩ፣ በሃያ ዓመታቸው ወንዝ ዳር ለዳር እጅ ለእጅ ተያይዘው የሄዱ ሰዎች ዛሬ «ቢመጡልኝ» መባባል ጀመሩ። እሱን እንኳ ቻለው። ያልቻለው «ከእንግዲህ ሰው ማስቸገር አልፈልግም» የምትለዋን ነው። በየማለዳው የሚቸገረው ሰው ማን እንደሆነ ከሹሄይ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ሰውየው ራሱ ነዋ።

ኩሮሳዋ መንደር ላይ በረዶ ከጀመረ የሰው ቁመት ሳይደርስ አያቆምም። ደጁን ያልጠረገ ሰው ከቤቱ አይወጣም። የፉሚኖ አባት ጌንዞ በሕይወት ሳሉ ያቺ ቀይ ማሽናቸው በረዶውን በአፏ እየዋጠች በአንገቷ እየተፋች የመንደሩ ማንቂያ ደወል ነበረች። ጌንዞ ሲሞቱ እሷም አብራ ተኛች። በዚያው ክረምት ሹሄይ ከወንዙ ማዶ ሆኖ ሲያይ ፉሚኖ በአካፋ ከበረዶው ጋር ትታገላለች፣ እናቷ ቶሚኤ ደግሞ በመጥረጊያ ከኋላ ከኋላዋ ይላሉ። በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ ድልድዩን ተሻግሮ ደጃቸውን ጠረገና ሳይነቁ ተመለሰ። ጥገና ቤቱ ውስጥ ሦስት ማሽን ቆሞ በአካፋ የሠራው ድምፅ እንዳይቀሰቅሳቸው ነው። ከዚያ ወዲህ በረዶ የጣለበት ማለዳ አምልጦት አያውቅም።

ምስጋና ሸሽቶ ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ኩሮሳዋ ውስጥ ውለታ ሳይመልስ የሚያድር ሰው የለም። አንድ ሳህን ባቄላ የላክህለት ሰው ሳህኑን ባዶውን አይመልስልህም። ለሹሄይ አንዲት በጨው የተዘፈዘፈች ፍጁል ትበቃው ነበር፤ «አይቼሃለሁ» ማለት ነዋ። የመጀመሪያውን ክረምት ጠበቀ፤ ሁለተኛውንም ጠበቀ። ፍጁሏ አልመጣችም። ስለዚህ መልሱ የገባው መሰለው፤ ታውቃለች፣ ግን አትፈልግም። ያን እያሰበም መሄዱን አልተወም። ሰው አንዴ ከወደደ ግትር ነው።

የማትፈልግበት ምክንያትም አላት ብሎ ያምናል። የዛሬ አስራ አንድ ዓመት ንጹህ ሸሚዝ ለብሶ ጌንዞ ፊት ተንበርክኮ ልጃቸውን ጠይቆ ነበር። ጌንዞ አልተቆጡም። በገዛ እጃቸው ሳኬ የተባለውን የሩዝ መጠጥ ቀዱለትና «አንተን ጠልቼ አይደለም ልጄ። ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። የሆሶያን ስም የሚይዝ፣ የአያቶቻችንን መቃብር የሚጠብቅ ሰው ያስፈልገኛል። የኢጋራሺን ስም ትተህ በኛ ስም ትጠራለህ?» አሉት። ሹሄይም ለአባቱ አንድያ ልጅ ነው። አባቱ ያን ሰዓት ቤት ቁጭ ብለው ውጤቱን ይጠብቃሉ። ምላሱ ተሳሰረ። ከተንሸራታቹ በር ወዲያ ፉሚኖ ቆማ ትሰማ እንደነበር ያወቀው የእግሯ ኮቴ እየራቀ ሲሄድ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ በመካከላቸው የቀረው ሰላምታ ብቻ ነው። አባቱም ከሦስት ዓመት በፊት አረፉ።

የሚመቸው ቀን ዛሬ ሆነ። ነገ ቢል እንቅልፍ እንደማይወስደው ያውቃል።

የመሣሪያ ሳጥኑን አንጠልጥሎ ድልድዩን ተሻገረ፤ በአዛውንቱ ጎረቤት በኤይሳኩ አጥር ጥግ አድርጎ ወደ ሆሶያዎች ታጠፈ። ሌላ መንገድ የለም። ፉሚኖን ደጅ ቆማ አገኛት። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ትሠራለች፤ ጸጉሯን ያሳጠረችው ባለፈው መስከረም ነው። ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ባያውቅ ይሻለው ነበር።

«አቶ ኢጋራሺ፣ በዚህ ብርድ አስቸገርኩዎት» አለችው።

«ሥራዬ ነው።»

ያን ጊዜ ቶሚኤ በመስኮት ብቅ አሉ።

«ሹሄይ ነህ? ምነው እንዲህ ከሳህ? የሚያበስልልህ የለም መሰል።»

«ራሴ አበስላለሁ እማማ።»

«አያስታውቅም» አሉት። ቀና ብለው ግን አላዩትም።

ማሽኗ ዕቃ ቤት ውስጥ ሸራ ተከናንባ ቆማለች። ሹሄይ ሸራውን ሲገልጥ ቀዩ ቀለሟ በአቧራ ቡናማ ሆኗል፤ ጎማዎቿ ተንፍሰዋል፤ ባትሪዋ አልቆላታል። የአየር መሳቢያዋን ሲከፍት አይጦች ከአንድ የሱፍ ጓንት ጎጆ ሠርተው ከርመውበታል።

«የአባቴ ጓንት» አለች ፉሚኖ። «ክረምቱን ሙሉ ሲፈልጉት ከርመው ሰርቃችሁኛል ብለው እኔንና እናቴን አኩርፈውን ነበር።»

ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ከንፈሯን ነከሰች። ሹሄይም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሁለት ሰው ላለመሳቅ እንዲህ ሲታገል አይታ የማታውቅ ማሽን ናት።

የማስነሻ ገመዱን ሳብ አደረገው። ንቅንቅ የለም።

«ሞታለች?» አለች ፉሚኖ።

«አልሞተችም። ፒስተኑ ዝጎ ተጣብቆ ነው። ይለቃል፤ ግን አይቸኩሉበትም።»

ካንዴላውን ፈትቶ በቀዳዳው ጥቂት ዘይት አንጠባጠበ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መጠበቅ ነው፤ እሱን ደግሞ ከማንም በላይ ለምዶታል። እስከዚያው የቤንዚን ማጠራቀሚያዋን ክዳን ሲከፍት ሽታው የቤንዚን ሳይሆን የአሮጌ ቫርኒሽ ሆኖ ተቀበለው። ጌንዞ በየዓመቱ በረዶው ሲያልቅ ቤንዚኑን ጠብ እስኪል አንጠፍጥፈው ነበር የሚያስተኟት። የመጨረሻውን ዓመት ግን በረዶው ሳያልቅ እሳቸው አለቁ።

«ማናችንም አላሰብናትም» አለች ፉሚኖ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እሷን የሚያውቋት እሳቸው ብቻ ነበሩ።»

ቶሚኤ ትኩስ ሻይና በባሕር ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ላኩላቸው። የተገለበጡ ሳጥኖች ላይ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ፉሚኖ ዓይኗን ከኩባያው ላይ ለመንቀል ፈርታ ቆየች፤ ቀና ስትል ዓይኗ የሹሄይ መዳፍ ላይ አረፈ። በመዳፉ ላይ ከዳር እስከ ዳር ቆዳው እንደ ጫማ ሶል ጠንክሯል።

«እጅዎ ምን ሆኖ ነው?»

«የሥራ ነው» አለና ጨበጠው። የካቻቢቴ ሥራ እንደዚያ እንደማያደርግ ግን ሁለቱም ያውቃሉ፤ ጠያቂዋም መልሳ አልጠየቀችም።

ሻዩ ሲያልቅ ገመዱን እንደገና ሳበው። ሞተሩ አንዴ አቃሰተና ፒስተኑ ለቀቀ። የተሰነጣጠቀውን የቤንዚን ቱቦ ቀየረ፤ ቺንጋውን ቀየረ፤ ዘይቱን ቀየረ፤ ጎማዎቿን ነፋ። የቀረው ካርቡሬተሩ ነው። ሲፈታው ውስጡ እንደ ማር የወፈረ ቤንዚን ተጋግሮበታል፤ ቤንዚን የሚያልፍባት የጸጉር ያህል የቀጠነች ቀዳዳ ጥርቅም ብላ ተደፍናለች።

ክፉ ሐሳብ የመጣበት እዚህ ላይ ነው። «ይህ ዕቃ አሁን አይሠራም፤ ማሽኗ አክትሞላታል» ቢል የሚከራከረው የለም። ነገም ሲነጋ ድልድዩን ይሻገራል፤ ነገ ወዲያም። ማሽኗ ከዳነች ግን ያ ማለዳ አበቃለት። በዓመት ውስጥ የሷን መስኮት ቀና ብሎ የሚያይበት ሌላ ሰዓት የለውም።

«ትድናለች?» አለችው ፉሚኖ። ባትሪ እያበራችለት ነው፤ ጣቶቿ በብርድ ቀልተዋል፤ ብርሃኑ ግን አይንቀጠቀጥም። የአባቷን ማሽን የምታየው ሐኪም ፊት የቆመ አስታማሚ በሚያይበት ዓይን ነው።

ሹሄይ ከሽቦ ብሩሹ አንዲት ቀጭን ሽቦ መዘዘና ቀዳዳዋን መጎርጎር ጀመረ።

«ትድናለች» አላት።

ቀኑ ጋደል ሲል አዲስ ቤንዚን ሞልቶ የአየር መዝጊያዋን ሳበና ገመዱን ጎተተ። ምንም። ደገመ። አንዴ አስላትና ዝም አለች። በአምስተኛው ሰማያዊ ጭስ ተፋችበት። በሰባተኛው ግን ሞተሩ ተንገራግጮ ያዘና ዕቃ ቤቱ በሙሉ ተንቀጠቀጠ፤ የስድስት ክረምት አቧራ ከጣራው ረገፈ።

ያንን ድምፅ የሰማ ሰው ጌንዞ ከውጭ የገቡ ነው የሚመስለው። ቶሚኤ በካልሲያቸው እስከ በረንዳው ወጥተው አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ቆሙ። የፉሚኖ እንባ ወረደ። ሹሄይ ደስም አለው፤ ከፋውም። አሁን ጨርሷል።

«አባባ ኤይሳኩ ከእንግዲህ ያርፋሉ» አለች ፉሚኖ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። «መጀመሪያ የማጸዳው የሳቸውን ደጅ ነው። በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው፣ በዚያ በታመመ ዳሌያቸው፣ ስድስት ክረምት ሙሉ በየማለዳው የኛን ደጅ ጠርገዋል። የእግራቸው ዱካ ከደጃችን ተነስቶ አጥራቸው ጥግ ሲገባ ባየሁ ቁጥር አፍር ነበር።»

ሹሄይ ፒንሳውን እንደያዘ ቀረ። አታውቅም። ስድስት ክረምት ሙሉ አታውቅም ነበር። ያ ዝምታ ለሱ የተሰጠ መልስ አልነበረም ማለት ነው።

«እኔ ነኝ» ማለት ውለታ መጠየቅ ነው፤ ለሱ ደግሞ ከልመና ይብሳል። ስለዚህ ሰው ሲጨንቀው የሚያደርገውን አደረገ፤ ስለ ሥራ ማውራት ጀመረ። ማሽኗን ደጅ አውጥቶ መያዣውን አስያዛት።

«አንገቷን ሁልጊዜ ወደ ቦዩ ያዙሩት፤ ወደ ጎረቤት አይትፉ። ከበሩ አምስት እርምጃ ሲርቁ አፏን ከፍ ያድርጉ፣ በስተግራ የውኃ መውረጃው የብረት ክዳን አለ፤ ጠርዙ ወጣ ብሏል፣ ይነክሳታል። ከሱ አለፍ ሲሉ እማማ የተከሉት የካሜሊያ ችግኝ አለ፤ እዚያ በአካፋ ነው እንጂ በማሽን አይሆንም።»

ፉሚኖ በበረዶ የተሸፈነውን ግቢ አየች። ክዳንም ችግኝም አይታይም። ቀስ ብላ ማሽኗን ወደ ሹሄይ ገፋችለት።

«አጥፋት» አለችው። አጠፋት።

«ክዳኑን ያስገባነው አባቴ ከሞቱ በሁለት ዓመታቸው ነው። ችግኙን እናቴ የተከለችው አምና ነው። አንተ ደግሞ ግቢያችን ከገባህ አስራ አንድ ዓመትህ ነው። ጠርዙ ወጣ ማለቱን ማን ነገረህ?»

ሹሄይ መሬት መሬት አየ። ወዲያው የሞተሩ ድምፅ የጠራቸው አባባ ኤይሳኩ ምርኩዛቸውን ይዘው ከአጥሩ ብቅ አሉ።

«የጌንዞ ማሽን ናት እንዴ? እኔ ደግሞ ሊወስደኝ መጣ ብዬ ደንግጬ ነበር።»

«አባባ» አለች ፉሚኖ፣ «እውነቱን ይንገሩኝ። በረዶ የሚጠርጉልን እርስዎ ነዎት?»

«እኔ? አካፋ ካነሳሁ አስር ዓመቴ።»

«ታዲያ በየዓመቱ ሳኬና ፍጁል ሳመጣልዎ ለምን የመጣ መሰለዎት?»

«አባትሽ ሠላሳ ዓመት በሾጊ ጨዋታ ስለረታሁት ነዋ። የተሸናፊ ቤተሰብ ግብር መስሎኝ ነበር» አሉ ሽማግሌው ምንም ሳያፍሩ። «ፍጁሉ ግን አምና ጨው በዝቶበታል።»

ማንም አልሳቀላቸውም። ነገሩ የከበደ መሆኑን አይተው ምርኩዛቸውን አዞሩና ቀስ ብለው ሄዱ። ያን ጊዜ ከበረንዳው የቶሚኤ ድምፅ መጣ።

«እኔ አውቅ ነበር።»

ፉሚኖ ዞረች።

«ከሁለተኛው ክረምት ጀምሮ በመስኮት አየዋለሁ» አሉ ቶሚኤ። እጃቸው የበረንዳውን ምሰሶ ጨብጧል። «ጠርጎ ሲጨርስ አካፋውን ተደግፎ ያንቺን መስኮት ያያል፤ ከዚያ ይሄዳል። አልነገርኩሽም። ብነግርሽ ድልድዩን ተሻግረሽ የምትቀሪ መሰለኝ፤ ከአባትሽ ፎቶግራፍ ጋር ብቻዬን ልቀር። ፈራሁ። ለኤይሳኩ የምትወስጂውን ፍጁል እኔው ነኝ የምዘፈዝፈው፤ እያወቅኩ እዘፈዝፋለሁ። አምና ጨው የበዛበትም እያለቀስኩ ስሠራው ነው።»

ሹሄይ ቆቡን አወለቀ። «እማማ፣ እኔ ከዚህ ቤት ሰው ልወስድ አልነበረም የምመጣው።»

«እሱንም አውቃለሁ። የባሰውን ያሳፈረኝ እሱ ነው።»

ፉሚኖ ከእናቷ ዞር ብላ ወደ ሹሄይ መጣች፤ አንቱታው ከነጓዙ ጠፍቷል።

«አንተስ አፍ የለህም?»

«ብናገር ውለታ መቁጠር ይሆናል።»

«ስድስት ዓመት ምን ስትጠብቅ ነበር ታዲያ?»

«አንዲት ፍጁል» አላት። አባባሉ ሞኝ እንደሚያስመስለው ያውቃል፤ እውነቱ ግን ያው ነው። «አንድ ቀን ብትልኪልኝ ኖሮ አይታኛለች እል ነበር። ሳትልኪ ስትቀሪ እምቢታሽ መሰለኝ። የዛሬ ደብዳቤሽም አትምጣብኝ ማለትሽ መስሎኝ ነው የመጣሁት።»

«እንደዚያ እያሰብክ ነው የጠገንካት?»

«ካርቡሬተሩ ላይ ትንሽ አመንትቻለሁ።»

ፉሚኖ ልትስቅ ነበር፤ ሳቁ መንገድ ላይ ለቅሶ ሆነባት። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ወደ ቤት ገባች፤ ተንሸራታቹም በር ከኋላዋ ተዘጋ። ሹሄይ ያንን በር ያውቀዋል። ከአስራ አንድ ዓመት በፊትም እንዲሁ ከወዲህ በኩል ቀርቷል።

መሣሪያውን ሰብስቦ ሲወጣ ቶሚኤ ተከትለውት እስከ ደጅ መጡ። «ባሌ ስም፣ ስም እንዳለ ሞተ» አሉት። «እኔን ግን ክረምቱን ሁሉ ከቤት ያስወጣኝ ስም አይደለም፤ አንተ የጠረግከው ደጅ ነው።» ሹሄይ ሳጥኑን መሬት አስቀምጦ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳቸውና ሄደ። ድልድዩ ላይ ሲደርስ እጁ ባዶ መሆኑን አየ፤ የመሣሪያ ሳጥኑን ረስቶታል። አልተመለሰም። ተመልሶ ያንን የተዘጋ በር ለማየት አቅም አልነበረውም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ነቃ። ሌሊቱን በረዶ ሲጥል እንዳደረ ከዝምታው ያስታውቃል። ቦት ጫማውን ለማጥለቅ ተነሳና መልሶ አልጋው ላይ ተቀመጠ። የት ይሄዳል? ማሽኗ ድናለች። በስድስት ክረምት ውስጥ በረዶ ጥሎ ሳይሄድ የቀረበት የመጀመሪያው ማለዳ ነው፤ በገዛ እጁ ጠግኖ ያስረከበው ማለዳ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንደ እንግዳ በገዛ ቤቱ ተቀመጠ።

መጀመሪያ የሰማው ከሩቅ ነው። ሳል፣ ከዚያ ማጓራት። ፉሚኖ ደጇን እያጸዳች ነው ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ድምፁ ግን እየራቀ በመሄድ ፈንታ እየቀረበ መጣ። የኤይሳኩን አጥር አለፈ። ድልድዩ ላይ ወጣ፤ ጣውላው ሲንኳኳ ሰማው። ከዚያ መስኮቱ ራሱ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

በካልሲው ሮጦ በሩን ከፈተ።

ፉሚኖ የአባቷን ሰፊ ካፖርት ለብሳ፣ አፍንጫዋ ቀልቶ፣ ማሽኗን እንደ እምቢተኛ በሬ እየገፋች የሱን ደጅ ትጠርጋለች። አጠራረጓ አያድርስ ነው። ግማሹ መስመር ጠማማ፣ ግማሹ ያልተነካ፤ አንገቷን ወደ ወንዙ ማዞሩን ረስታው በረዶው ሁሉ የጥገና ቤቱ ግድግዳ ላይ ይከመራል። ስታየው ቆመች። ሞተሩን ግን አላጠፋችም፤ ካጠፋችው ተመልሶ አልነሳ እንዳይላት ፈርታለች። ስለዚህ የተባባሉትን ሁሉ የተባባሉት እየጮሁ ነው።

«በዚህ ሰዓት ምን ልታደርጊ መጣሽ?» አላት።

«ልመልስልህ።»

«መንደሩን ሁሉ ቀሰቀስሽው እኮ።»

«ይነሳ። አንተ ስድስት ዓመት ሰው እንዳይሰማህ እየተደበቅክ መጣህ። እኔ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ነው የመጣሁት።»

ሹሄይ አንድ እርምጃ ወደ በረዶው ገባ። ካልሲው ራሰ፤ አልታወቀውም። «አባትሽ የጠየቁኝን አልመለስኩም። የስሙን ነገር» አላት።

«ያኔ የጠየቁህ አባቴ ናቸው፤ እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ከአሁን ወዲያ ስሙን እኔና አንተ እንነጋገርበታለን። በማን ስም እንደምንጠራ ለመወሰን ክረምቱ በሙሉ አለን፤ አንተን ለመውደድ ግን ከዚህ በላይ አልጠብቅም።»

«ምን አልሽ?» አለ፤ ሰምቷታል፤ ግን ሌላ ጊዜ መስማት ፈልጎ ነው።

«እወድሃለሁ አልኩህ» ብላ ከሞተሩ በላይ ጮኸች።

ከወንዙ ማዶ የአንድ መስኮት መከፈት ተሰማና የአባባ ኤይሳኩ ድምፅ መጣ። «ሰምተናል ልጄ። እሱም ይመልስና እንተኛበት።»

ሹሄይ ግን መመለስ አልቻለም። ከአስራ አንድ ዓመት በፊት ምላሱን ያሰረው ፍርሃት ነበር፤ ዛሬ ያሰረው ደስታ ነው። በሰላሳ ሰባት ዓመቱ፣ በእርጥብ ካልሲ፣ መንደሩ ሁሉ በመስኮት እያየው ቆሞ አለቀሰ፤ እንባውንም ከማንም አልደበቀም። ፉሚኖ አንድ እጇን ከመያዣው አነሳችና ዘረጋችለት። ያን የጠነከረ መዳፉን እጇ ላይ አኖረው፤ እሷም ያዘችው።